የማይታረድ እንስሳ

ለለቅሶ የሚመጣው ሰው ብዙ ስለነበር የቤታችን ወንበርና ጠረጴዛ ሁሉ ጎረቤት ገብቶ ነበር። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ የሰፈሩ ጎረምሶች ወንበሩንም ጠረጴዛውንም ተሸክመው መለሱልኝ፤ ጠረጴዛውን ግን አዙረው አስቀመጡት። ለብዙ ዓመታት ወደ ግድግዳው ዞሮ የኖረው እግሩ ወደ በሩ ወጣ። በማግስቱ ቁርስ ይዛልኝ የመጣች ጎረቤቴ አየችውና፣

«ውይ! አይጥ ነው እንዲህ የበላው? ድመት አታስገቢም እንዴ?» አለችኝ።

«አይጥ አይደለም» አልኳት።

ሐዘን ቤት ሰው ሁለት ጊዜ አይጠይቅም። ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። እኔ ጎንበስ ብዬ እንጨቱን ዳሰስኩት። ጥርስ የፈለፈለው ቦታ ከጊዜ ብዛት ለስልሷል፤ አውራ ጣቴ ልክ ይገባበታል። እጄ እዚያው እንዳለ የሣር ሽታ መጣብኝ፤ በከሰል ሙቀት የደረቀ፣ ትንሽ ጢስ የነካው የሣር ሽታ። ቤቴ ውስጥ ሣር የለም። ሽታው ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ለመጻፍ ጊዜ አለኝ። እጄ ቶሎ ስለሚዝል ጥቂት እጽፍና አስቀምጣለሁ፤ ደግሞ እመለሳለሁ።

ለሟቹ ባለቤቴ የተዳርኩት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። የአባቴ ቤት ከጋፋት ወዲያ ማዶ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ እናቴን እያገዝኩ ተቀምጬ ነበር። የዳሩኝ ሚስቱ ለሞተችበት፣ ሁለት ልጆች ላሉት፣ በግብርና ሥራ ተቀጥሮ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ ገበሬ ለሚያስተምር ሰው ነው። ደግ ሰው ነው አሉኝ፤ ደግ ሰው ነበር። ግን ደግም ቢሆን ጠዋት ቦቲውን አጥልቆ ይወጣል፤ ማታ ጭቃውን ይዞ ይመለሳል። ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚበልጠኝ ያን ጊዜ አንቱ ነበር የምለው።

ልጆቹ እናታቸው ከሞተች ወዲህ እብናት፣ የእናታቸው እናት ዘንድ ነበሩ። እኔ ከገባሁ በኋላ፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው፣ አያታቸው በሰኔ ይዘዋቸው መጡ። ሴቷ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወንዱ አምስት። አያታቸው ረዥም፣ ፊታቸው የከሳ፣ ድምፃቸው ግን ቤት የሚሞላ ሴት ነበሩ። ቡና እንኳ ሳይጠጡ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ በባለቤቴ ፊት እንዲህ አሉኝ፤

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። ለመስከረም እመጣለሁ። ከለመዱሽ እዚህ ይማሩ። ካልለመዱሽ ግን ሁለቱንም ይዤ እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ ማንም አንድ ቃል እንዳይናገረኝ።»

ባለቤቴ «እሺ እናቴ» አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። መኪናው ሲሄድ ልጅቷ አላለቀሰችም፤ የወንድሟን እጅ ያዘችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች።

የተከራየነው አንድ ክፍል ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጭንቅላት ከፍ ብላ አንዲት ጠባብ መስኮት። የደብረ ታቦርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጉሙ ከደጁ ላይ ይተኛል፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ዝናቡ ይጀምራል፤ ከጀመረ ደግሞ ማባራት የለም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብሽ ያለውን ሰው ለማናገር መጮህ አለብሽ፤ የምትጮኺለት ነገር ከሌለሽ ዝም ትያለሽ። በሩን ስከፍት ጭቃ፤ ስዘጋ ጨለማ። ልብስ አይደርቅ፣ እንጨት አይነድ፤ ጋቢው ሁሉ የረጠበ በግ ይሸታል። ልጆቹ አንድ ጥግ፣ እኔ አንድ ጥግ፤ በመካከላችን ጠረጴዛው።

ልጅቷ እኔን በቀጥታ አታናግረኝም ነበር። ወንድሟን መሃል አድርጋ ነበር የምትልከኝ።

«ውሃ ስጪን በላት።»

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ውሃ ስጪን በላት አለች» ይላል።

ምግብ ሳቀርብ መጀመሪያ እሱ ይቀምሳል፤ እሷ ፊቱን እያየች ትንሽ ትቆያለች፤ ከዚያ ትቆርሳለች። ስለ እንጀራ እናት ምን እንደነገሯት አላውቅም፤ የነገሯት ግን ብዙ መሆን አለበት። አልተቆጣኋትም። እኔም በዕድሜዋ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር።

አንዳንድ ቀን ተነሥቼ ወደ አባቴ ቤት መሄድ ያምረኝ ነበር። በእግር የሚደረስ አገር ነው። ግን ሙሽራ በክረምት አባቷ ደጅ ከታየች «ባሏ አባረራት» ነው የሚባለው፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ስለዚህ እቀመጣለሁ። ሦስታችንም ተቀምጠን መስከረምን እንጠብቃለን፤ እነሱ ሊሄዱ፣ እኔ ልፈረድ። ልጆቹ ከሄዱ ሰው ምን እንደሚለኝ፣ ባለቤቴም ምን እንደሚያስብ እያሰላሰልኩ ቀን እቆጥር ነበር።

አንድ ማታ ባለቤቴ የረጠበ ካፖርቱን ምስማር ላይ እየሰቀለ ሦስታችንንም አየን። ለረዥም ጊዜ ነው ያየን።

«ለልጆቹ አንድ ትንሽ እንስሳ እናምጣላቸው» አለኝ። «እኔንና አንቺን ብቻ እያዩ ክረምቱ አያልቅም።»

ልጁ ከጥጉ ብድግ አለ። «ቡችላ!»

አከራያችን ከጎን ባለው ክፍል ነበሩ፤ ግድግዳው ቀጭን ነው። ገና መልስ ሳንሰጠው ድምፃቸው መጣ።

«ማነህ አንተ ቡችላ ያልከው? የንስሐ አባቴ ጸበል የሚረጩበት ቤት ነው! ውሻ ደጅ ይደር፣ ደጅ ደግሞ ጭቃ ነው፤ እንግዲህ ዕወቁት!»

ባለቤቴ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ቡችላው በዚሁ ቀረ።

ቀጥሎ ድመት አመጣ። ትንሽ፣ ቡራቡሬ፣ እጅ ላይ የምታልቅ። ያመጣት ግን የፍልሰታ ጾም በሚገባበት ዋዜማ ነበር፤ እሱም አላሰበው፣ እኔም አላሰብኩት። ፍልሰታ ደግሞ የልጆች ጾም ናት፤ በእኛ አገር ሕፃኑም ይጾማታል። ልጅቷ በዚያ ዓመት ለእናቷ ብላ እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም ወስና ነበር፤ ይህንንም የሰማሁት በወንድሟ በኩል ነው።

ድመቷ ሽሮ አልበላ አለች፤ ዳቦ አልበላ አለች፤ ዝም ብላ ትጮኻለች። ልጁ አሳዘነችውና ከአከራያችን ጥቂት ወተት ለምኖ በቡና ሲኒ አጠጣት። ወተቱን ጠጥታ፣ ጢሟ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መጀመሪያ ሽሮ ድስቱን፣ ቀጥሎ የዳቦውን ሰፌድ፣ ቀጥሎ የልጅቷን ሳህን እየዞረች አሸተተች። አሸተተች ልበል እንጂ ልሳዋለች።

«ዕቃውን ሁሉ የፍስክ አደረገችብን በላት!» ልጅቷ ጮኸች።

«ዕቃውን ሁሉ…» ብሎ ጀመረ ወንድሟ።

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

በዚያን ቀን ድስቱንም ሰፌዱንም ሳህኑንም በአመድ ሳሽ ዋልኩ። ልጅቷ ግን ዘጠኝ ሰዓት ቢያልፍም፣ ቢመሽም፣ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም። አከራያችን በር ላይ ቆመው ፈረዱላት። «ልጅቷ ልክ ናት! ለመሆኑ ማነው በፍልሰታ ድመት የሚያስገባ?» ማታ ባለቤቴ ሲሰማ አንገቱን ደፋ። «ዘር መቼ እንደሚዘራ ገበሬውን አስተምራለሁ እላለሁ» አለ፤ «ጾም መቼ እንደሚገባ ጠፋኝ።» ድመቷ በማግስቱ ወደመጣችበት ተመለሰች።

ከዚያ ዶሮ መጣች። እሱም እኔም ተመካክረን ነው፤ እህል ትበላለች፣ ወተት አትሻም፣ ጾም አታስፈታም። ገና እንቁላል ያልጀመረች፣ ቀይ ቄብ ነበረች። ልጁ ወለላ ብሎ ስም አወጣላት፤ ብብቱ ሥር ወሽቆ ቤቱን ይዞራታል፤ እሷም ትችለዋለች። ልጅቷ ግን ጫፏንም አልነካቻት። ከጥጓ ሆና ታያቸዋለች እንጂ አትጠጋም።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ ጥቂት ጋብ አለ። ልጁ ዶሮዋን ይዞ ወደ አከራያችን ደጅ ወጥቷል። እኔ ምስር እለቅማለሁ። ልጅቷ ሳትነግረኝ መጥታ ከፊቴ ቁጢጥ አለች፤ ምስሩን አየችው፤ ከዚያ ማንንም መሃል ሳታደርግ፣

«ጾሙ ሲፈታ ትታረዳለች?» አለችኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያናገረችኝ። ብዙ መልስ መጣልኝ። «ማን ያርዳታል!» ልላት እችል ነበር። ግን ዓይኗን ሳየው፣ ይህች ልጅ እናትሽ ትድናለች ተብላ የነበረች ልጅ ናት ብዬ አሰብኩ።

«አዎ» አልኳት። «ከኛ ቤት ዶሮ ሆና የገባች ሁሉ ትታረዳለች።»

«ታዲያ ለምን ስም ያወጣላታል?»

ሰፌዱን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁት። ከምስሩ መሃል አንዲት ጠጠር አንሥታ ጣለች፤ ሌላም አነሣች። አንድ እፍኝ ያህል አብረን ለቀምን። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጥጓ ሄደች።

ማታ ባለቤቴ ገና ቦቲውን ሳያወልቅ፣ «የማይታረድ ነገር ያምጡ» አልኩት።

«የማይታረድ?»

«የማይታረድ። ሰው የማይበላው።»

አሰበ፤ ከዚያ ሳቅ አፈነው። ነገሩን በኋላ ነው ያጫወተኝ። ገበሬው አርብቶ ይብላ፣ ይጠቀም ተብሎ ጥንቸሎች ከሩቅ መጥተው ነበር። እሱም ይህንኑ እንዲያስተምር አንድ ቀበሌ ተልኮ፣ ከዛፍ ሥር ሰብስቦ፣ ሥጋው ጤና ነው፣ ቶሎ ይራባል እያለ ሲያስረዳ፣ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ደግ ብለሃል። አንተ መጀመሪያ ቅመስና ተርፈህ ስናይህ እንከተልሃለን» ብለውታል። ጉባኤው በሳቅ ተበተነ። ጥንቸሎቹም ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጓሮ፣ ማንም ሳይበላቸው፣ እየበዙ ነበር።

በማግስቱ የሳሙና ካርቶን አቅፎ ገባ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ግራጫ ነበር፤ ሆዱ ነጭ፤ ጆሮው ወደ ኋላ የተኛ፤ አፍንጫው ያለ ዕረፍት የሚርገበገብ። ልጆቹ ሁለቱም መጡ። ሁለቱም። ባለቤቴ የልጅቷን እጅ ይዞ አስተማራት፤ «በጆሮው እንዳታንጠለጥሉት፤ ያመዋል። አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ አንድ እጅ ከኋላ እግሩ ሥር። እግሩ አየር ላይ ከቀረ ይፈራል፤ ሲፈራ ይቧጥጣል። እንዲህ። አየሽ፣ ዝም አለ።»

«አይታረድም?» አለች ልጅቷ።

«በዚህ አገር ማንም አያርደውም» አላት። «እኔ ሞክሬ አይቻለሁ።»

አከራያችን መጥተው ካርቶኑን ሲያዩ አማተቡ። «ምንድን ነው ይኼ? ጆሮው የአህያ፣ ከንፈሩ የፍየል! በኦሪት የተነቀፈ እርኩስ አይደለም እንዴ? አይሆንም ልጄ፣ አይሆንም፤ እሑድ አባታችን ይመጣሉ፤ ይፍረዱ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታቸው ጸበል ሊረጩ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጥምጥማቸው በዝናብ ረጥቦ ወደ አንድ ጎን ተጋድሟል። አከራያችን ክሳቸውን አሰሙ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ካርቶኑ ውስጥ አዩ። ጥንቸሉም አያቸው። እኔ ከልጅቷ አጠገብ ቆሜ ነበር።

«ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም። መብላቱ ክልክል ነው» አሉ።

«አላልኳችሁም!» አሉ አከራያችን።

«ቆይ እንጂ ልጄ። አትብሉት አለ እንጂ አትዩት አላለም። ለመሆኑ ምንድን ነው የሚበላው?»

«ሣር» አለች ልጅቷ በቀጭን ድምፅ።

«ወተትስ?»

«አይጠጣም።»

«ሥጋስ?»

«አይበላም።»

ቀና አሉና መስቀላቸውን አሳለሟት። «እንግዲያ ከሁላችንም የሚሻል ጾመኛ ነው። ዓመቱን ሙሉ ይጾማል። ተዉት ይኑር» አሉ፤ ጸበሉም ካርቶኑን እንደ ሰው ቤት ደረሰው። አከራያችን አጉረመረሙ፤ ዶሮዋን ለጾም መፍቻ ስንሰጣቸው ግን ማጉረምረሙ ቀነሰ። ልጁ ግማሽ ቀን አለቀሰ። ልጅቷ፣ «ነግሬህ ነበር» አለችው፤ ሆኖም ጥንቸሉን ቀድሞ እንዲያቅፍ ተወችለት።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረንም ነበር፤ በኋላ የባለቤቴ ባልደረባ ነው ሰው ልኮ የነገረን። ጥንቸል እርጥብ ሣር ከበላ ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል። በዚያ ክረምት ደረቅ ሣር ከየት ይመጣል? ከአጥሩ ሥር የምናጭደው ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ሥራ ወጣልን። ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ልጅቷና እኔ ጆንያ ለብሰን እንወጣና ሣር እናጭዳለን። ውሃውን አራግፈን፣ ሰፌድ ላይ ስስ አድርገን ዘርግተን፣ ከከሰል ማንደጃው ከፍ አድርገን እንይዘዋለን። በጣም ከቀረበ ይቃጠላል፤ ከራቀ አይደርቅም። አንዱን ወገን እሷ፣ አንዱን ወገን እኔ እንይዛለን፤ ሣሩን በጣታችን እያገላበጥን። መጀመሪያ እንፋሎት ይወጣዋል፤ ከዚያ ሽታው ይለወጣል፤ ይጣፍጣል። ቤቱ ያ ሁሉ የረጠበ ጋቢ ሽታ ለቀቀውና የሣር ሆነ።

ሰፌድ አብሮ የያዘ ሰው ዝም ብሎ መቆየት አይችልም። «ወደ አንቺ አዘነበለ» ትለኛለች። «ከፍ አድርጊው» እላታለሁ። ከዚያ ሌላ ነገር ትነግረኛለች። እናቷ ፀጉር ስትሠራት ጉልበቷ መሃል ታስቀምጣት እንደነበር ነገረችኝ። አንድ ቀን ራሷ ማበጠሪያውን ይዛ መጣችና፣ ጉልበቴ መሃል ተቀመጠች። ሠራኋት። መስመሩ ጠመመብኝ፤ እስክጨርስ አልተነሣችም።

ከሰዓት በኋላ ግን ዝናቡ ያው ነበር፤ ቤቱም ያው። ጥንቸሉ ካርቶኑ ውስጥ ሆኖ በኋላ እግሩ መሬቱን ይደልቅ ነበር፤ ዱም፣ ዱም። ልጅቷ አንድ ቀን ጆሮዋን ካርቶኑ ላይ አስጠግታ ስታዳምጥ ቆየችና፣

«መውጣት ይፈልጋል» አለችኝ።

«ዝናብ ነው እኮ።»

«ያውቃል። ግን ይፈልጋል።» ጆሮዋን ከካርቶኑ አነሣች። «አንቺም ወደ እናትሽ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ።»

«ለምን አትሄጂም?»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ።»

ካርቶኑን በጎኑ አጋደመችለት። ጥንቸሉ ጭንቅላቱን አወጣ፤ ግራ ቀኝ አየ፤ በሩ ክፍት ነበር፤ ከበሩ ውጪ ዝናቡ ይታያል። አልወጣም። ተንቀርፍፎ ሄዶ የጠረጴዛውን እግር መፋቅ ጀመረ። ልጁ እየሳቀ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ እሷም ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። «ተዪው፣ እንጨቱም ጾም ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንለቀው ነበር፤ በየቀኑም እዚያችው እግር ላይ ይሄዳል። ባለቤቴ አይቶ አልተቆጣም። «ከእኔ ይልቅ እሱ አናጢ ሆነ» ብቻ አለ።

እሱን ሳስብ እንዲህ ያለ ትንሽ ቃሉ ነው የሚመጣብኝ። ዛሬ ጠዋትም መጣብኝና እስክሪብቶውን አስቀምጬ ነበር።

መስከረም ገባ። ፀሐይ ወጣ፤ ጭቃው ከላይ ደረቀ። አያታቸው እንደ ቃላቸው መጡ፤ እህል ከጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን ወረዱ። ቤት ገብተው ገና ሳይቀመጡ የልጆቹን ጆሮ ጀርባ አዩ፣ ጥፍራቸውን አዩ፣ ሆዳቸውን በእጃቸው ለኩ። የልጅቷን ሹሩባ በጣታቸው ተከትለው የጠመመው መስመር ላይ ቆሙ። እኔ ምድጃው ጋ እሳቱን እቆሰቁሳለሁ። በዚያው ልጅቷ ከእጃቸው ሳትወጣ፣ «ውሃው ገንፍሏል፤ አታወርጂውም?» ብላ ጮኸችብኝ። አያትየው ዞረው አዩኝ። የያዙትን ሹሩባ ለቀቁ።

ጥንቸሉን ሲያዩ፣ «ይኼ ደግሞ ምን ይረባል? አይበላ፣ አይጮኽ፣ አይጥ አይዝ» አሉ።

«ስለማይበላ ነው የመረጥነው» አላቸው ልጁ።

አደሩ፤ ዋሉ። ልጆቹ ከእኔ ጋር ሲበሉ፣ ሲጣሉ፣ ሲላኩ ያያሉ። በሁለተኛው ቀን እራት ከተነሣ በኋላ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ይህን ሲያደርጉ የሚናገሩት ነገር እንዳላቸው ዐውቄ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «ሁለቱንም ልወስድ ነበር የመጣሁት። ላማሽ አልችልም፤ ሰውነት ይዘዋል፣ ለምደውሻል። እግዜር ይስጥሽ።» ያ ቤት የሚሞላው ድምፃቸው አነሰ። «ግን እኔስ? አንድ ልጄን ቀበርኩ። ባዶ ቤት ምን ብዬ ልግባ? ሴቷ ከአንቺ ጋር ትማር። ወንዱን ስጡኝ።»

ባለቤቴ እጆቹን አየ። አንድ ልጇን የቀበረች ሴት «ስጡኝ» ስትል እንቢ የሚል ሰው በእኛ አገር አላየሁም፤ እሱም አልቻለም። እኔ ነኝ የተናገርኩት።

«እናቴ፣ ሁለቱ አይለያዩ። እርስዎ ይምጡና ከእኛ ጋር ይኑሩ።»

«መሬቴን፣ ከብቴን ለማን ጥዬ ልጄ?» አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም።

ባይለምዱኝ ሁለቱም ሊሄዱ ነበር። ስለለመዱኝ አንዷ ቀረችልኝ። ያን ማታ ይህን እያሰብኩ ደስ ልበል ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም።

ጠዋት ወደ መናኸሪያው በእግር ወረድን። ልጁ በመኪና ሊሄድ ስለሆነ ከፊት ከፊት ይዘላል። ልጅቷ ካርቶኑን ራሷ ተሸክማዋለች፤ ለማንም አልሰጠችም። መኪናው ሞተሩን ሲያስነሣ ወንድሟ ጉልበት ላይ አስቀመጠችለት።

«ይኼ የኔ ነው?» አለ ልጁ፤ አላመነም።

«ያንተ ነው። እዚያ ብቻህን ነህ። እርጥብ ሣር እንዳትሰጠው።»

«አልሰጠውም።»

«በጆሮው እንዳትይዘው።»

«አልይዘውም አልኩሽ!»

አያትየው ካርቶኑን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት፤ ተሳፋሪው እንዳያይባቸው መሰለኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ልጁ በመስኮቱ እየሳቀ እጁን አውለበለበልን። እያለቀሰ ቢሄድ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ባለቤቴ ፊቱን እንዳናይ ከፊት ቀደመ። ዳገቱ ላይ፣ ገና ያልደረቀ ጭቃ ያለበት ቦታ ስንደርስ፣ ልጅቷ የነጠላዬን ጫፍ ያዘች። ጭቃው አለቀ፤ አልለቀቀችም። ቤት እስክንገባ ይዛው ነበር።

ከእብናት በነጋዴ በኩል መልእክት ይመጣልን ነበር። «ልጁ ደኅና ነው፤ ጥንቸሉም ደኅና ነው።» አንድ ዓመት ያህል እንዲሁ ሲመጣ ቆየና፣ አንድ ቀን «ልጁ ደኅና ነው» ብቻ ሆነ። ልጅቷ ነገሩ ገባት። ልጁ ለትምህርት ይመለሳል ተባብለን ነበር፤ እዚያም ትምህርት ቤት አለ ተባለ። ከዚያ ከብት መጠበቅ መጣ፣ ከዚያ የአያቱ እርጅና መጣ። በየበዓሉ ይመጣል፤ ያድራል፤ ይሄዳል። ያደገው እዚያ ነው።

ለአባቱ ቀብር መጣ። ጢም ያለው፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ሆኗል። ልጅቷ ከአጠገቤ ነበረች፤ ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። እሱ ግን ድንኳኑ ውስጥ፣ ከሩቅ ከመጡት ለቀስተኞች ጋር፣ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ጎረቤቶቼ እንደ እንግዳ አስተናገዱት፤ እሱም እንደ እንግዳ ብድግ እያለ ተቀበላቸው።

ከሰዓት በኋላ ለአፍታ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በሩ ክፍት ነው፤ እሱ ግን መጥቶ በሩን በጣቱ አንኳኳ።

«ግባ እንጂ!» አልኩት።

«ውሃ ጠምቶኝ ነው» አለኝ፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። ገብቶ መሃል ላይ ቆመ፤ ግድግዳውን አየ፣ መሬቱን አየ። ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር።

«ከኋላህ ነው» አልኩት።

ዞሮ አነሣ፤ ከእንስራው ቀዳ፤ ቆሞ ጠጣ። ጠጥቶ ሲጨርስ ባዶውን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ ዙሪያውን ፈለገ።

«የት ላስቀምጠው?» አለኝ።

«ስጠኝ» አልኩት፤ ከእጁም ተቀበልኩት።